ማሳጅ ቤት ለቢቸናና ለሞጣ፤ የሚሸጠው እጅ ነው ወይስ ሴራሚክ?

በምሥራቅ ጎጃም ገንዘብ የያዘ ነጋዴ ገንዘቡን የሚያሳርፍበት ቦታ ብዙ አይደለም። ጤፍ ይገዛል፣ ያከማቻል፣ ዋጋ ሲወጣ በደጀን በኩል ወደ አዲስ አበባ ይጭናል። የተረፈውን በዋናው መንገድ ዳር ሕንፃ ያቆምበታል። ምድር ቤቱ ሱቅ፣ አንደኛ ፎቁ ካፌና ምግብ ቤት፣ ከዚያ በላይ ያለው አልጋ ይሆናል። ጎረቤቱም አይቶ ያንኑ ይሠራል። አልጋው ከተኚው ሲበልጥ "ምን እንጨምርበት?" የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ለዚህ ጥያቄ ከአዲስ አበባና ከባሕር ዳር የሚመለሰው ሁሉ ይዞ የሚመጣው መልስ ደግሞ ታውቋል፤ ስቲም፣ ሳውናና ማሳጅ።

ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም። የሚያስቸግረው ሒሳቡ ነው። ቢቸና ወይም ሞጣ ላይ የቦሌን ማሳጅ ቤት አምሳያ አቁሞ የቦሌን ገቢ የሚጠብቅ ባለገንዘብ፣ ገንዘቡን ግድግዳ ላይ ለጥፎት እንደሚቀር ከወዲሁ ቢያውቅ ይሻለዋል። በእነዚህ ከተሞች ሊያተርፍ የሚችል የማሳጅ ሥራ አለ። ነገር ግን መልኩ ሌላ ነው፤ ካፒታሉም ሌላ ነው።

ገላን ማሳጠብና ማሳሸት በገንዘብ ሲገዛ ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው በፍል ውኃው ሲታጠቡ ቦታውን ወድደው ቤት እንዲሠራላቸው በመጠየቃቸው በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። የዛሬው የመዲናዋ የመሬት ዋጋ መነሻው ገላ መታጠብ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ፍል ውኃም ከዚያ ወዲህ የከተማው ሕዝብ ከፍሎ የሚታጠብበት ስፍራ ሆኖ ኖሯል። ሶደሬና ወንዶ ገነት በዚሁ ውኃ ስም አውጥተዋል። በአማራ ክልልም በደራ ወረዳ የሚገኘው የዋንዛዬ ፍል ውኃ ሕመምተኛና ደካማ ተሰብስቦ የሚሰነብትበት ቦታ ነው።

"ስፓ" የሚለውን ቃል ለአዲስ አበባ ነጋዴ ያስተዋወቁት ግን በአሜሪካ ቦስተን ከተማ የፀጉር ሥራ ሲሠሩ ኖረው የተመለሱት አቶ ታዲዎስ ጌታቸው ናቸው ማለት ይቻላል። ቦሌ መንገድ ላይ ቦስተን ደይ ስፓን ከፈቱ፤ ሥራቸው ኩሪፍቱ በሚል ስም በቢሾፍቱና በባሕር ዳር ሐይቅ ዳር ሪዞርት እስከመሆን ደረሰ። የእርሳቸውን ፈለግ ተከትሎ በየሰፈሩ የፀጉር ቤት ታፔላ ላይ "ስቲም፣ ሳውና፣ ሞሮኮ ባዝ፣ ማሳጅ" የሚል ተጨመረ።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ቦሌ ላይ ይህን አገልግሎት የሚገዛው ማነው? በውጭ አገር ኖሮ ለእረፍት የመጣ፣ የዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኛ፣ ለስብሰባ የመጣ እንግዳ፣ እንዲሁም ጊዜው ከገንዘቡ የጠበበበት የአገር ውስጥ ባለሀብት ነው። ቢቸናና ሞጣ ላይ ከእነዚህ ሦስቱ የሉም። ከሞጣ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚያስወርደውን ሰባራ ድልድይ ሊያይ የሚመጣ ቱሪስት አንድ ቀን ይመጣ ይሆናል። በእርሱ ተስፋ ግን የመብራት ሒሳብ አይከፈልም።

በጎጃም ለዚህ አገልግሎት ተወዳዳሪው ሌላ ማሳጅ ቤት ሳይሆን ቤት ራሱ ነው። እንግዳ ሲመጣ፣ አባወራው ከእርሻ ወይም ከገበያ ሲገባ ውኃ ሞቆ እግሩ ይታጠባል። የሚያጥበው የቤቱ ልጅ ነው፤ ከቁርጭምጭሚት እስከ ባት እያሸ ያጥባል። ክፍያው ምርቃት ነው። ወለምታ ያገኘው ወጌሻ ዘንድ ሄዶ በቅቤ ይታሻል። አራስም ብትሆን ወገቧን የምታሽላት እናት ወይም የሰፈር አዋላጅ አታጣም። በኢኮኖሚክስ አነጋገር አገልግሎቱ በገፍ አለ፤ ዋጋው ብቻ በገበያ አልተተመነም። ነፃ የሆነን ነገር በብር ለመሸጥ የሚነሳ ሰው፣ ነፃው የማይደርስለትን ደንበኛ ፈልጎ ማግኘት አለበት።

ያ ደንበኛ ቤቱ አጠገቡ የሌለ ሰው ነው። ከደጀን ተነስቶ በቢቸና፣ በሞጣና በአዴት አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባው መንገድ አስፋልት ከሆነ ወዲህ መሪ ላይ ተቀምጦ የሚውል የጭነት ሾፌር አለ። እህል ለመሰብሰብ ሳምንት ሙሉ አልጋ ይዞ የሚሰነብት ነጋዴና ደላላ አለ። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ የባንክ፣ የጤናና የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ አለ። ወገቡ ከሁሉ የሚብሰው ኩንታል ተሸክሞ መኪና የሚጭነው ወዛደር ነበር። እርሱ ግን የአንድ ሰዓት ማሳጅ ዋጋ ከምሳውና ከራቱ ጋር ስለሚጋጭበት በገበያው ውስጥ አይቆጠርም። ገበያ የሚሰማው የደከመውን ሳይሆን የሚከፍለውን ነው።

ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ሙሽራ አለች። ከጥምቀት በኋላ ባለው ጥርና ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ሠርግ ይደራል። ጤፉም ተወቅቶ የተሸጠበት ጊዜ ስለሆነ በእጅ ብር አለ። ሙሽራዋና ሚዜዎቿ ፀጉር፣ ሂና፣ ገላ መታጠብና ማሸት በአንድነት ይፈልጋሉ። በዚህ ወቅት የሴቶች ውበት ሳሎን ያለው ሰው ማሳጅ ቢጨምርበት ወረፋ ይሆንበት ይሆናል። በነሐሴ ግን ያው ክፍል ዝናብ እያዳመጠ ይውላል።

የዚህ ንግድ ትልቁ ጠባይ እዚህ ላይ ነው። የቢቸና ጤፍ ነጋዴ ዛሬ ዋጋው አልጣመኝም ካለ ጤፉን መጋዘን ውስጥ አቆይቶ ሰኔ ላይ ይሸጠዋል። የማሳጅ ሰዓት ግን አይከማችም። ረቡዕ ከቀኑ ስምንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያልተሸጠ እጅ ሐሙስ ቢፈለግ አይገኝም። የእህል ነጋዴ ይህን ዓይነት ዕቃ ነግዶ ስለማያውቅ ሒሳቡን ሁልጊዜ በሙሉ ጎተራ ይሠራል።

ለምሳሌ ያህል፣ ሁለት ባለሙያዎች እያንዳንዳቸው በቀን ስድስት ሰዓት፣ በወር 26 ቀን ይሠራሉ ይባል። 312 የሚሸጥ ሰዓት አለ ማለት ነው። ሰዓቱ 500 ብር ቢሸጥ 156,000 ብር ይመጣል። ባለገንዘቡ ይህን ቁጥር ሲያይ ሌሊቱን አይተኛም። ከገቢው 40 በመቶ ለምታሸው ባለሙያ ይሰጥ ቢባል ለባለቤቱ በሰዓት 300 ብር ይቀራል። ሴራሚክ የለበሰ፣ ስቲምና ሳውና የገባለት ቤት ከኪራዩ፣ ከመብራቱ፣ ከዘበኛው፣ ከብድር ወለዱና ከእጥበቱ ጋር በወር 60,000 ብር ቋሚ ወጪ ቢኖረው፣ ወጪውን ለመመለስ ብቻ 200 ሰዓት መሸጥ አለበት። በቀን ወደ ስምንት ሰው ገደማ ማለት ነው፤ በዝናብም በጾምም፣ መንገድ ሲዘጋም። ስምንት ሰው በየቀኑ ቢቸና ላይ ከየት ይመጣል? ሰው ጠፋ ተብሎ ዋጋው ወደ 300 ብር ቢወርድ ደግሞ ለባለቤቱ በሰዓት የሚቀረው 180 ብር ነው። በዚህ ዋጋ 60,000 ብር ለመሸፈን 333 ሰዓት ያስፈልጋል። ቤቱ ያለው 312 ነው። ጢም ብሎ ሞልቶም ይከስራል።

አሁን ሴራሚኩ ይነሳ። ቀድሞ በተሠራ ሆቴል ወይም የሴቶች ሳሎን ጀርባ ሁለት ንጹሕ ክፍል፣ ሙቅ ውኃ፣ ሁለት ጠንካራ አልጋ፣ በርከት ያለ ፎጣ፣ በወር 18,000 ብር ቋሚ ወጪ ይባል። በ500 ብር ዋጋ ወጪው የሚመለሰው በ60 ሰዓት ነው፤ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ሰው። በ300 ብርም ቢሆን 100 ሰዓት ይበቃዋል፤ በቀን አራት ሰው። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተወሰዱ ናቸውና እያንዳንዱ ነጋዴ የራሱን ኪራይና የራሱን ዋጋ አስገብቶ ይሞክራቸው። ውጤቱ ግን አቅጣጫውን አይቀይርም።

ሴራሚክና ማሽን የበለጠ የሚያስፈሩበት ሌላ ምክንያት አለ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ ብዙ ሳይቆይ ከመቶ ብር በላይ ወጥቷል። የሳውና ማሞቂያውም፣ የስቲም ማሽኑም፣ መለዋወጫውም በዶላር የሚመጣ ነው። ሲበላሽ ጠጋኙም ቢቸና የለም። የመብራት ታሪፍም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአራት ዓመት ተከፋፍሎ እንዲጨምር ተወስኗል። ብድርን በተመለከተ ባንኮች ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ዓመታዊ የብድር ዕድገታቸው ከ14 በመቶ እንዳያልፍ ተብለው ነበር። ጣሪያው በኋላ ከፍ ቢደረግም የባንክ ሥራ አስኪያጅ ከእህል ላኪና ከማሳጅ ቤት ማንን እንደሚያስቀድም መገመት አይከብድም።

በአንጻሩ በአገር ብር የሚገዛው ብዙ ነው። የኑግ ዘይት ከዚሁ ገበያ ነው፤ ቅቤውም እንዲሁ። ውኃ ለማሞቅ የባሕር ዛፍ እንጨት አለ። ከሰሜኑ የአገራችን ክፍል መጥቶ በአዲስ አበባ የሴቶች ሳሎኖች የሚሸጠው ወይባ ጢስ ጉድጓድ፣ ጋቢና እንጨት እንጂ ዶላር አይጠይቅም። "ሞሮኮ ባዝ" ብሎ በባዕድ ስም ከመሸጥ በዚህ ቢጀመር ለሥራው ምን ይጎድለዋል? የሚጎድለው ታፔላው ላይ የሚያብረቀርቅ ቃል ብቻ ነው።

ከሒሳቡ ቀጥሎ፣ ምናልባትም ከሒሳቡ በፊት፣ የስሙ ነገር አለ። "ማሳጅ ቤት" የሚለው ቃል በከተማ ወሬ ምን እንደተለጠፈበት የማያውቅ አንባቢ የለም። አዲስ አበባ ላይ ሰው ከሰው አይተዋወቅምና ስም የጠፋበት ቤት ሰፈር ቀይሮ ይከፍታል። ሞጣ ላይ የሚቀየር ሰፈር የለም። በሩን ገፍቶ የገባው ማን እንደሆነ እስኪወጣ ድረስ ይወራል። ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ባለቤቱ ሳይሆን እዚያ ቤት ልትሠራ የተቀጠረችው ልጅ ናት። አንድ ጊዜ ስሟ ከተነሳ ቤቱ ቢዘጋም ስሙ እርሷን ተከትሎ ይሄዳል፤ በትዳሯም በእናቷ ዕድርም ይገባል። ጉዳዩ የወሬ ብቻም አይደለም። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 634 የሌላውን ሰው ገላ ሽያጭ መተዳደሪያ ያደረገን ሰው ይቀጣል። ክፍል ያከራየ ባለሀብት ይህን አንቀጽ ከኪራይ ውሉ ጋር አብሮ ቢያነበው አይጎዳም።

"ደይ ስፓ" በሚለው ስም ውስጥ ዋጋ ያለው ቃል "ደይ" የሚለው ነው። ቀን ተከፍቶ ማታ የሚዘጋ ቤት፤ የማይታደርበት። ሆኖም ለባለሕንፃው የሚታየው ባዶ የቀሩት አልጋዎቹ ስለሆኑ ማሳጁን ከመኝታው ፎቅ ጋር ሊያያይዘው ይፈልጋል። በዚያች ቅጽበት ንግዱን ገደለው። ማሳጁ ከመኝታው ተለይቶ በምድር ቤት፣ ከመንገድ በሚታይ መግቢያ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት በሚዘጋ በር፣ ሴት ለሴት ወንድ ለወንድ ተብሎ ቢጀመር ከደንበኞቹ ጥቂቱን ያጣል። የሚያጣቸውም ባይመጡ የሚሻሉትን ነው።

ስም በሕግም ሊጠገን ይችላል። በታይላንድ ማሳጅ ለረጅም ዘመን ሁለት ስም ይዞ የኖረ ሥራ ነበር፤ አንዱ በባንኮክ የዋት ፖ ገዳም ትምህርት ቤት የሚሰጥ የተከበረ ጥበብ፣ ሌላው የሌሊት ንግድ። መንግሥቱ በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ ቤቶቹንም አሻሾቹንም ፈቃድ እንዲይዙ አደረገ፤ በ2019 ደግሞ ዩኔስኮ ባህላዊውን የታይ ማሳጅ በሰው ልጅ ቅርስነት መዘገበው። በደቡብ ኮርያ የማሳጅ ፈቃድ በሕግ ለዓይነ ስውራን ብቻ የተጠበቀ ሙያ ነው፤ የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በ2008 እ.ኤ.አ. ሕጉን አጽንቶታል። ትራኮማ ለዘመናት ዓይን ሲያጠፋ በኖረበት በአማራ ክልል ይህ የኮርያ ነገር እንዲሁ ተሰምቶ የሚታለፍ አይደለም። በጣቱ ብሬል የሚያነብ ወጣት የደነደነ ጡንቻ ለይቶ ለማወቅ ከማንም አያንስም፤ ደንበኛ ደግሞ ልብሱን አውልቆ በማያየው ሰው ፊት አያፍርም።

ሥራው የእጅ ነው ከተባለ እጁን ማን ያሠለጥነዋል? ወጌሻው ችሎታ አለው፤ ግን ወጌሻን እንዳለ አምጥቶ ማስቀመጥ አደገኛ ነው። የተሰበረ አጥንት አጥብቆ በማሰር የደም መመላለሻ ተዘግቶ እጅ ወይም እግር እስከ መቆረጥ የደረሰባቸው ሕመምተኞች በአገራችን ሆስፒታሎች የታወቁ ናቸው። ጥሩ ማሳጅ ቤት ከሚታወቅባቸው ነገሮች አንዱ አላሽም ብሎ መመለሱ ነው። አንድ እግሩ ብቻ ያበጠና የሚያቃጥለው ሰው ደም የረጋበት ሊሆን ስለሚችል አይታሽም፤ ትኩሳት ያለው አይታሽም፤ ስብራት የሚጠረጠርበት ወደ ሆስፒታል ይላካል። ሞጣም ቢቸናም ሆስፒታል አላቸው። ይህን የሚያስተምር ሰው ሩቅ አይደለም፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒ ያስተምራል። አንድ ተመራቂ ለሁለት ወር ከፍሎ አምጥቶ ሠራተኞችን ማሠልጠን ከአንድ የሳውና ማሞቂያ ይልቅ ይረክሳል። ማሞቂያው ግን ለጎብኚ ስለሚታይ ገንዘቡ ወደ እርሱ ይሄዳል።

ክፍያውም እንዲሁ ነው። በፀጉር ቤቶች እንደተለመደው ሠራተኛ በፐርሰንት ብቻ ከተያዘች፣ ደንበኛ በሌለበት ወር ኪሳራውን የምትሸከመው እርሷ ናት። በላይኛው ምሳሌ 100 ሰዓት በ300 ብር ቢሸጥ የሠራተኛ ድርሻ 12,000 ብር ነው። አንዲት ብትሆን ትኖርበታለች፤ ሁለት ከሆኑ ግን ስድስት ስድስት ሺህ ይዘው አንደኛዋ በቀጣዩ መኪና ባሕር ዳር ትገባለች። የሠለጠነችበት ገንዘብም አብሯት ይሄዳል። ስለዚህ በአንዲት መጀመር፣ መነሻ ደመወዝ መቁረጥና በላዩ ፐርሰንት መጨመር ይሻላል። አውራ ጣትና አንጓም ያልቃሉ። በቀን አሥር ሰው እንድታሽ የሚያስገድድ ባለቤት በዓመቱ የሚቀረው አልጋው ብቻ ነው።

የመንገዱ ነገር ሳይነሳ አይታለፍም። በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ምክንያት ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ምሥራቅ ጎጃም መንገዱ በየጊዜው የተዘጋበት፣ ኢንተርኔት ለወራት የጠፋበት፣ ባንክ የማይሠራበት ቀን ያየ አካባቢ ነው። መኪና ካልሄደ ሾፌር የለም፤ ሾፌር ከሌለ የሞጣው ክፍል ባዶ ነው። ይህ አደጋ ባለበት አገር ብልህ ካፒታል ሊነሳና ሊጓዝ የሚችለው ነው። አልጋ፣ ፎጣ፣ የሠለጠነ እጅ፣ ሁሉም በአንድ አይሱዙ ተጭኖ ይሄዳል። ሴራሚክ አይነቀልም።

ከሁለቱ የትኛው ከተማ ይሻላል ለሚል፣ መልሱ እንደ ደንበኛው ነው። ቢቸና ለደጀን ስለሚቀርብ ሾፌሩ ወደ ዓባይ በረሃ ለመውረድ ይቸኩላል፤ ብዙም አያርፍበትም። እዚያ ያለው የጤፍ ብር ነውና በሴቶች ሳሎን ጀርባ፣ ከሙሽራና ከአራስ ቢጀመር ይመረጣል። ሞጣ ከባሕር ዳር ወደ 120 ኪሎ ሜትር ላይ፣ የመንገዱ መሃል ላይ ያለች ናት። አዳሪና ዋይ አላት፤ ለወንዶች የሚሆነው ክፍል እዚያ ቢከፈት ይሻላል። ለሁለቱም ጊዜው ኅዳር ነው፤ አጨዳው ሳያልቅ ክፍሉን ቀለም ቀብቶ፣ ሠራተኛዋን አሠልጥኖ፣ የጥርን ሠርግ መጠበቅ።